ክብደት አይጠፋም፣ ቦታ ይለውጣል፦ ስለ ክብደት አከፋፋይ መጎተቻ አሠራርና አስተካከል

በፋኩልቲው ሕዝባዊ የንግግር መድረክ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የታረመ



የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው በአንድ የብረት መሣሪያ ላይ ነው። ክብደት አከፋፋይ መጎተቻ እለዋለሁ። በአብዛኛው የሚታየው በሰሜን አሜሪካ ነው፤ ፒክአፕ ወይም ትልቅ የቤት መኪና ተጎታች ቤትን ወይም ከባድ ተሳቢን በሚጎትትበት ጊዜ በሁለቱ መካከል ይገጠማል። በአገራችን መንገዶች ላይ እምብዛም አይታይም። ይህን ርዕስ የመረጥኩት ግን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የምህንድስና ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የሚማራቸው ሁለት የሚዛን ሕጎች፣ ማለትም የኃይሎች ድምርና የማዞር ጉልበቶች ድምር ዜሮ ነው የሚሉት፣ ከዚህ በላይ ግልጽ ሆነው የሚታዩበት ምሳሌ ጥቂት ስለሆነ ነው። ሁለተኛው፣ መሣሪያው በብዛት የሚገጠመው በዓይን ግምት በመሆኑ ነው። መኪናውና ተሳቢው ከጎን ሲታዩ ቀጥ ካሉ ሥራው እንዳለቀ ይቆጠራል። ዓይን ግን ቁመትን እንጂ ክብደትን አያይም። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ቁም ነገር ይኸው ነው።

የጋሪው ትምህርት

ከምናውቀው እንጀምር። በቢሾፍቱም ሆነ በሐዋሳ በፈረስ ጋሪ የተሳፈረ ሰው፣ ባለጋሪው ተሳፋሪዎቹን «ትንሽ ወደፊት ጠጋ በሉ» ወይም «ወደኋላ ሸሸት በሉ» ሲል ሰምቶ ይሆናል። ጋሪው ሁለት ጎማ ብቻ ስላለው በአንድ አክስል ላይ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል። ሸክሙ ከአክስሉ ኋላ ከበዛ ከፈረሱ ግራና ቀኝ ያሉት ዘንጎች ወደ ላይ ይነሡና በሆዱ ሥር ያለው ማሰሪያ ፈረሱን ያነሣዋል። ሸክሙ ወደፊት ከበዛ ደግሞ ክብደቱ በፈረሱ ጀርባ ላይ ያርፋል። ባለጋሪው የሚፈልገው በሁለቱ መካከል ያለውን ነጥብ ነው፤ ፈረሱ ጥቂት ክብደት እንዲሰማው፣ ግን እንዳይጎብጥ።

በመኪና የሚጎተት ባለ አንድ አክስል ወይም አክስሎቹ ተቀራርበው መሐሉ ላይ የተቀመጡለት ተሳቢም ይኸው ጋሪ ነው። በመኪናው ኋላ ባለው የመጎተቻ ኳስ ላይ የሚያርፈውን ቁልቁል ክብደት «የኳስ ጫና» ብለን እንጥራው። በሰሜን አሜሪካ የተለመደው ምክር የኳስ ጫናው ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲሆን ነው።

ለምን ይህን ያህል? ምክንያቱ መረጋጋት ነው። ኳሱ ላይ የታሰረ ተሳቢ ወደ ጎን እንደሚወዛወዝ ፔንዱለም ነው። ነፋስ ወይም የሚያልፍ ከባድ መኪና ሲገፋው ይወዛወዛል፤ ጎማዎቹ ከመንገዱ ጋር ያላቸው ፍትጊያ ውዝዋዜውን ያረግበዋል። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ግን ይህ የማርገብ ኃይል ይደክማል። ከአንድ ወሳኝ ፍጥነት በላይ ውዝዋዜው መርገቡ ቀርቶ እያደገ ይሄድና መኪናውን ጭምር ያዞረዋል። የተሳቢው የክብደት ማዕከል ወደ ኋላ በሄደና የኳስ ጫናው ባነሰ ቁጥር ይህ ወሳኝ ፍጥነት ዝቅ ይላል። ስለዚህ የኳስ ጫና የመረጋጋት ዋጋ ነው። ዋጋው የሚከፈለው ከየት እንደሆነ ቀጥለን እንመልከት።

መኪናው ራሱ ማንሻ ሲሆን

ኳሱ የሚገኘው ከመኪናው የኋላ አክስል በስተጀርባ ነው። ስለዚህ ኳሱን ወደ ታች የሚጫን ክብደት የኋላ አክስሉን እንደ መደገፊያ ተጠቅሞ የመኪናውን ፊት ወደ ላይ ያነሣል። ልጆች የሚጫወቱበት የሚዛን ጣውላ አሠራር ነው።

በቁጥር እንየው። ለማስረዳት ያህል የመረጥኳቸው መጠኖች ናቸው። መኪናችን 2,400 ኪሎግራም ይመዝናል፤ 1,300ው በፊት አክስል፣ 1,100ው በኋላ አክስል ላይ ነው። በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 3.6 ሜትር፣ ከኋላ አክስል እስከ ኳሱ ያለው ርቀት 1.5 ሜትር ነው። ተሳቢው 2,500 ኪሎግራም፣ የኳስ ጫናው 300 ኪሎግራም ነው፤ ይህም 12 በመቶ ነው። ከኳሱ እስከ ተሳቢው አክስል 6 ሜትር ይሁን።

ከፊት አክስል የሚነሣው ክብደት 300 በ1.5 ተባዝቶ ለ3.6 ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ 125 ኪሎግራም። የኋላ አክስሉ ደግሞ 300ውን ብቻ ሳይሆን ከፊት የተነሣውንም 125 ይሸከማል፤ ድምሩ 425 ኪሎግራም ይሆናል። ስለዚህ የፊቱ ከ1,300 ወደ 1,175 ዝቅ ሲል፣ የኋላው ከ1,100 ወደ 1,525 ከፍ ይላል። 300 ኪሎግራም ጭኖ የኋላ አክስሉን 425 የሚያስጨንቅ ጭነት ማለት ይህ ነው።

የፊት ጎማዎች ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ክብደታቸውን አጡ። በደረቅ ቀጥተኛ መንገድ ላይ ሾፌሩ ልዩነቱን ላያስተውለው ይችላል። ነገር ግን መሪው የሚያዝዛቸው ጎማዎች እነዚሁ ናቸው፤ ፍሬን ሲያዝም ትልቁን ድርሻ የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው። መንገዱ ሲረጥብ፣ ኩርባ ሲመጣ፣ ሁለቱ ደግሞ ከድንገተኛ ፍሬን ጋር ሲገናኙ የጎደለው ክብደት ይፈለጋል። የፊት መብራቱም ወደ ላይ ተነሥቶ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል።

እዚህ ላይ ሁለት አህጉራት ሁለት የተለያዩ መልሶች እንደሰጡ ልብ በሉ። በአውሮፓ መኪኖች ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው የኳስ ጫና አነስተኛ ነው፤ በብሪታንያ የሚሰጠው የተለመደ ምክርም ከተሳቢው ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶ ነው። በዚህ ምክንያት የሚቀንሰው መረጋጋት በዝቅተኛ ፍጥነት ይካካሳል፤ በጀርመን ተሳቢ ለሚጎትት መኪና የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 80 ኪሎሜትር ሲሆን፣ ልዩ ፈቃድ ያለው እስከ 100 ሊሄድ ይችላል። በአሜሪካ ግን ተሳቢዎቹ ይከብዳሉ፣ ፍጥነቱም ከፍ ይላል። ስለዚህ ከፍተኛ የኳስ ጫና ተመረጠ፤ ከፊት አክስል የሚነሣውን ክብደት መልሶ የሚያወርድ መሣሪያም አስፈለገ።

መሣሪያው ምን ያደርጋል?

ክብደት አከፋፋይ መጎተቻ ኳሱን የተሸከመ ጠንካራ የብረት ራስ አለው። ከዚህ ራስ ሁለት የሞላ ዘንጎች ወደ ኋላ ይዘረጋሉ፤ ጫፎቻቸው በሰንሰለት ወይም በድጋፍ ብረት ከተሳቢው የፊት ፍሬም ግራና ቀኝ ጋር ይያያዛሉ። ሰንሰለቱ ሲጠብቅ ዘንጎቹ ወደ ላይ ይጎብጣሉ፤ የጎበጠ ሞላ ደግሞ ወደ ቦታው ሊመለስ ይታገላል። ውጤቱ በኳሱ ዙሪያ የሚሠራ የማዞር ጉልበት ነው። የመኪናውን ፊት ወደ መሬት ይጫናል፤ የተሳቢውንም አክስል እንዲሁ።

የእጅ ጋሪን እጀታ አስቡ። እጀታውን ወደ ላይ የሚያነሣ ሰው የጋሪውን አፍንጫ ወደ መሬት ይጫናል። የሞላ ዘንጎቹ ለመኪናው እጀታ ሆነውለታል፤ የሚያነሣቸው ደግሞ ሰንሰለቱ ነው።

ወደ ቁጥራችን እንመለስ። የጎደለውን 125 ኪሎግራም በሙሉ ወደ ፊት አክስል ለመመለስ 125 በ3.6 ተባዝቶ፣ በኋላ አክስሉ ዙሪያ 450 ኪሎግራም-ሜትር የማዞር ጉልበት ያስፈልጋል። ይኸው ጉልበት ከኋላ አክስሉ እስከ ተሳቢው አክስል ላለው 7.5 ሜትር ሲካፈል በተሳቢው አክስል ላይ 60 ኪሎግራም ይጨምራል። የኋላ አክስሉ የሁለቱን ድምር፣ ማለትም 185 ኪሎግራም ይቀንሳል። አሁን የፊቱ 1,300፣ የኋላው 1,340 ሆነ፤ የተሳቢው አክስል ደግሞ ከ2,200 ወደ 2,260 ከፍ አለ። ሦስቱን ደምሩ፤ 4,900 ኪሎግራም ነው። ከመግጠማችን በፊትም 4,900 ነበር። አንድ ኪሎ አልጠፋም፤ አንድ ኪሎም አልተጨመረም። መሣሪያው ቦታ ለወጠ እንጂ ክብደት አላቀለለም።

ምን ያህል ይመለስ?

ብዙ ሰው «ሙሉ በሙሉ ከተመለሰ ምን ይጎዳል? ከዚያም ቢያልፍ የፊቱ ጎማ ይበልጥ ይጨብጣል» ብሎ ያስባል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን የሚገኘው በቆመ መኪና ላይ ሳይሆን በኩርባ ላይ ነው።

መኪና ሲሠራ፣ በኩርባ ላይ ከአቅሙ በላይ ሲሄድ የፊት ጎማዎቹ ከኋላዎቹ ቀድመው እንዲንሸራተቱ ተደርጎ ይነደፋል። ይህ ለሾፌሩ የሚቀል ስሕተት ነው፤ ፍጥነት ሲቀንስ መኪናው ወደ መስመሩ ይመለሳል። የኋላ ጎማዎች ቀድመው ከተንሸራተቱ ግን መኪናው ይዞራል፤ ተሳቢ የያዘ መኪና ደግሞ እንደ ቢላዋ ተጣጥፎ ይቆለፋል። ተሳቢው በኩርባ ላይ ኳሱን ወደ ጎን ይገፋል። ኳሱ ከኋላ አክስል በስተጀርባ ስለሆነ ይህን ግፊት በዋነኛነት የሚቋቋሙት የኋላ ጎማዎች ናቸው። ለመቋቋም ደግሞ በላያቸው ላይ ክብደት ያስፈልጋቸዋል። መሣሪያውን ባጠበቅን ቁጥር የምንወስደው ከእነዚሁ ጎማዎች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ የተደረጉ የጉተታ ጥናቶች ትኩረታቸው በዚህ ላይ ነበር። የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጄ2807 በተሰኘው የጉተታ አቅም መለኪያ መስፈርት ውስጥም «የፊት አክስል ጭነት መመለስ» የሚለው ጽንሰ ሐሳብ በመቶኛ የሚለካ ሆኗል። ዛሬ አንዳንድ አምራቾች ከጎደለው ግማሹ ያህል እንዲመለስ ይመክራሉ፤ ሌሎች ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶች ደግሞ በመኪናቸው ላይ መሣሪያው ጨርሶ እንዳይገጠም ይከለክላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ማንበብ ነው። ሁለተኛው ሕግ ግን ለሁሉም ይሠራል፤ የፊት አክስሉ ተሳቢ ሳይያያዝ ከነበረው ክብደት በላይ እንዲሸከም ፈጽሞ አይደረግም።

በምሳሌያችን ግማሹ ሲመለስ የፊቱ 1,237.5፣ የኋላው 1,432.5፣ የተሳቢው አክስል 2,230 ኪሎግራም ይሆናል። የመኪናው ኋላ በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ዓይን «ገና አልተስተካከለም» ሊል ይችላል፤ ሚዛኑ ግን በቂ ነው ይላል።

አስተካከሉ በቅደም ተከተል

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። መሬቱ ደልዳላ ይሁን። መኪናውም ተሳቢውም ለጉዞ እንደሚነሡ ሆነው ይጫኑ፤ ነዳጁ፣ ውኃው፣ ጓዙ፣ ተሳፋሪው ሁሉ በቦታው ይሁን። የጎማዎቹ ንፋስ ይለካ። ቁመቱን በራሱ የሚያስተካክል የአየር ሞላ ያለው መኪና ከሆነ መመሪያው በሚለው መሠረት ይዘጋ፤ አለበለዚያ ልንለካው የፈለግነውን ለውጥ እርሱ ይሸፍነዋል።

አንደኛ፣ ተሳቢው ሳይያያዝ በመኪናው የፊት ጎማ ማዕከል በኩል ከመሬት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ቁመት በሜትር ይለካና ይጻፍ። 90 ሳንቲሜትር ነው እንበል።

ሁለተኛ፣ ተሳቢው ለብቻው ቀጥ ተደርጎ ይቁምና ኳሱን የሚውጠው አፍ ከፍታ ይለካ። የመኪናው ኋላ ሲጫን ዝቅ ስለሚል፣ ኳሱ አምራቹ በሚያዝዘው መጠን ከዚህ ትንሽ ከፍ ብሎ ይገጠማል።

ሦስተኛ፣ የሞላ ዘንጎቹ ሳይታሰሩ ተሳቢው ይያያዝ። የፊቱ ቁመት እንደገና ይለካ። 93 ሳንቲሜትር ሆነ እንበል፤ ፊቱ በ3 ሳንቲሜትር ተነሥቷል።

አራተኛ፣ የተሳቢው አፍ በኳሱ ላይ መቆለፉ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በተሳቢው የፊት ክሪክ ኳሱና የመኪናው ኋላ አንድ ላይ ከፍ ይደረጉ። ይህ የሚደረገው ዘንጎቹን በቀላል ጉልበት ለማሰር ነው። የግራና የቀኙ ሰንሰለት በእኩል ቀለበት ቁጥር ይታሰር። ከዚያ ክሪኩ ይውረድ፣ ቁመቱም ለሦስተኛ ጊዜ ይለካ። 91.5 ከሆነ ከተነሣው ግማሹ ተመልሷል። ከዚህ ያነሰ ወይም የበለጠ ከሆነ የሰንሰለቱ ቀለበት ቁጥር ይለወጣል፤ ያ ካልበቃ የኳሱ ራስ ያዘነበለበት አቅጣጫ በሮንዴላ ወይም በማስተካከያው ይለወጣል። በመጨረሻም ቡሎኖቹ አምራቹ በወሰነው ልክ ይጠብቃሉ።

አምስተኛ፣ ሚዛን። የፓራፋንጎው ቁመት የክብደት ምልክት እንጂ ክብደቱ ራሱ አይደለም። በአሜሪካ በከባድ መኪና ማረፊያዎች ካት ስኬል የሚባሉት ሚዛኖች አክስሎቹን ለየብቻ ይመዝናሉ። በማሽከርከር ሥራ የተሰማሩ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በደንብ ያውቋቸዋል። ሦስት ጊዜ መመዘን ያስፈልጋል፤ ዘንጎቹ ታስረው፣ ዘንጎቹ ተፈትተው፣ በመጨረሻም መኪናው ብቻውን። ከሁለተኛው ላይ የሦስተኛውን የመኪና ክብደት ስንቀንስ ትክክለኛው የኳስ ጫና ይገኛል። በፊት አክስል ላይ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት የጎደለውን፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ የተመለሰውን ይነግረናል። እያንዳንዱ አክስል፣ ጎማና መጎተቻ ከተፈቀደለት መጠን አለማለፉም የሚታወቀው እዚህ ነው።

ስለ ጥንቃቄ አንድ ነገር ልጨምር። የተወጠረ የሞላ ዘንግ ብዙ ኃይል ያከማቻል። ሲታሰርም ሲፈታም አምራቹ በሰጠው ረጅም ማንሻ ይሠራ፤ ሰውነት ዘንጉ ሊፈናጠር ከሚችልበት መስመር ውጭ ይሁን። መኪናውና ተሳቢው ተጣጥፈው በቆሙበት ቦታ ዘንግ አይፈታ።

መሣሪያው የማይፈታቸው ችግሮች

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ወሰኑንም ማስቀመጥ ግዴታዬ ነው። ክብደት አከፋፋይ መጎተቻ የመኪናውን የመጎተት አቅም ከተፈቀደው በላይ አያሳድግም። ከኋላ የተጫነን ተሳቢ አያርምም፤ የኳስ ጫናው ያነሰ ተሳቢ መሣሪያው ቢጠብቅበትም የሚወዛወዝ ተሳቢ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ ዕቃውን ወደፊት ማዛወር ነው፤ ባለጋሪው እንደሚያደርገው። ውዝዋዜን የሚያግድ የፍትጊያ መሣሪያ ከአንዳንድ መጎተቻዎች ጋር አብሮ ቢሠራም ተግባሩ የተለየ ነው። ተሳቢው በግፊት የሚሠራ ፍሬን ካለው ደግሞ ሁለቱ አብረው መሥራት መቻላቸውን ከአምራቹ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከጂቡቲ መንገድ የሚመጡት ከባድ መኪኖቻችን ይህን መሣሪያ ለምን እንደማያስፈልጋቸውም አሁን ግልጽ ይመስለኛል። የከፊል ተሳቢው ክብደት የሚያርፈው በጎታቹ የኋላ አክስሎች ላይ ወይም ከእነርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ ወደ ኋላ የወጣ ማንሻ የለም። ሙሉ ተሳቢው ደግሞ ከፊትም ከኋላም የራሱ አክስል ስላለው በመጎተቻው ላይ ይህ ነው የሚባል ቁልቁል ጫና አያሳርፍም። የችግሩ ምንጭ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ያረፈበት ቦታ ነው።

ተማሪዎቼ ከዚህ አዳራሽ ይዛችሁ እንድትወጡ የምፈልገው ይህን ነው፤ የተስተካከለ የሚመስል ነገር ሁሉ የተመዘነ አይደለም።

ከታዳሚዎች ከቀረቡት ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ተሳቢው በጉዞ ላይ መወዛወዝ ቢጀምር ሾፌሩ ምን ያድርግ?

መልስ፦ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ቀስ ብሎ ያንሣ፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይያዝ፤ ውዝዋዜውን በመሪ ለመከተል አይሞክር። የተሳቢው ፍሬን ለብቻው የሚታዘዝ ከሆነ እርሱን ብቻ ቀስ አድርጎ ይያዝ። የመኪናውን ፍሬን በኃይል አይርገጥ፤ ውዝዋዜውን ለማምለጥም ፍጥነት አይጨምር። ከዚያ ደኅና ቦታ ቆሞ ጭነቱን ይመርምር፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ጉዞው አይቀጥል።

ጥያቄ፦ በአገራችን በፒክአፕ አነስተኛ ተሳቢ ለሚጎትቱ ሰዎች መሣሪያው ይመከራል?

መልስ፦ ከመሣሪያው በፊት ልኬቱ ይመከራል። የፊቱን ቁመት ተሳቢው ሳይያያዝና ከተያያዘ በኋላ ለኩ፤ የኳስ ጫናውን መዝኑ፤ መመሪያውን አንብቡ። ተሳቢው ቀላል ከሆነና የፊቱ ለውጥ እዚህ ግባ የማይባል ከሆነ ምንም አያስፈልግም። ዕቃውን በአግባቡ መደልደልና ፍጥነትን መቀነስ ይበቃል።